ሻዩ እስኪቀዘቅዝ

ሰልፉ አይንቀሳቀስም።

ማሾ ከፊቷ ካሉት ሠራተኞች ትከሻ በላይ አንገቷን አስግጋ አየች። መውጫው በር ላይ የወትሮው ዘበኛ ብቻቸውን አይደሉም። አጠገባቸው ኮቴ ቆሟል።

የበሩ ጥበቃ አለቃ ነው። ኮቴ ያሉት ሠራተኞቹ ናቸው፤ ከራሱ ቀድሞ የጫማው ድምፅ ስለሚደርስ። ዛሬ ግን ጫማው አልተሰማም። ቀድሟቸው መጥቶ ቆሞ ይጠብቃል።

ቦርሳ ይከፈታል። ኪስ ይገለበጣል። የምሳ ዕቃ ክዳኑ ይነሳል።

ማሾ በጨርቅ ከረጢቷ የያዘችው አንድ ነገር ብቻ ነው። አረንጓዴ ፔርሙስ፣ ወገቡ ላይ ነጭ ቀለበት ያለው።

ማሾ የሚለውን ስም በዚህ ግቢ ማንም አያውቀውም። ያወጣላት ሌላ አገር ያለው መሥሪያ ቤቷ ነው። እዚህ እትዬ ፓምፕ ናት። ከብርጭቆ ቱቦ ውስጥ አየር የሚመጥጡትን ፓምፖች የምታስነሳ፣ ዘይታቸውን የምትቀይር፣ ሲያጉረመርሙ የምታባብል ሴት። እንዲህ ሆና ዓመታት ኖራለች። አንዳንዴ ያንን ሌላውን ስም ራሷም ትረሳዋለች።

«እትዬ ፓምፕ» አሉ ዘበኛው፣ ተራዋ ሲደርስ። «ብርዱ አጥንት ገባ ዛሬ። ጠብታ ታህል አልተረፈችሽም?»

«ለእርስዎ ካልተረፈ ለማን ይተርፋል፣ አባባ።»

«ይቆይ» አለ ኮቴ።

አንድ ቃል ብቻ። ሽማግሌው የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ።

ኮቴ ፔርሙሱን ተቀበላት። ክብደቱን በእጁ መዘነ። ከዚያ ጆሮው ሥር አስጠግቶ ነቀነቀው።

ሻዩ ተንቦጫቦጨ።

ሌላ ድምፅ የለም።

«ምንድን ነው?»

«ሻይ ነዋ። የፓምፕ ዘይት መሰለህ?»

ከኋላዋ ያሉት ሳቁ። ኮቴ አልሳቀም። ክዳኑን ፈታ፣ ቡሹን ነቀለ። እንፋሎቱ ወጥቶ ፊቱን ሸፈነው። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ውስጥ አየ። ያየው የራሱን ዓይን ነው፤ የፔርሙስ ሆድ መስታወት ነውና። ቀጥሎ ማንም ያልጠበቀውን አደረገ። በክዳኑ ቀድቶ ጠጣ። ዓይኑን ከዓይኗ ሳይነቅል፣ ቀስ ብሎ፣ ጨለጠው።

«ስኳር ታበዣለሽ» አለ።

«ኑሮ ሲመር ነው።»

ፔርሙሱን መለሰላት።

«ሂጂ።»

ሄደች። አልፈጠነችም፣ አልዘገየችም። አውቶቡስ ተሳፈረች። ከረጢቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ እንደ ደከማት ሠራተኛ መስኮቱን ተደግፋ ተቀመጠች።

እኔም እስቲ አውቶቡሱ እስኪደርስ ፔርሙሱ የተሸከመውን ልንገራችሁ። ሳታውቁት አብራችኋት ብትሄዱ ደግ አይደለም።

ፔርሙስ ሁለት ብርጭቆ ነው፤ አንዱ ባንዱ ውስጥ የተቀመጠ። በሁለቱ መሃል አየር የለም፤ ተመጥጦ ወጥቷል። ሙቀቱ የሚሻገርበት ስላጣ ሻዩ ትኩስ እንደሆነ ይውላል። በዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ፣ በሁለቱ ብርጭቆ መሃል፣ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ ጥቁር ሰሌዳ ተጣብቃለች። ሰሌዳዋ ላይ ዓይን የማያያቸው መርፌዎች ቆመዋል፣ እንደ ችግኝ በመስመር በመስመር።

እነዚህ መርፌዎች ኤሌክትሮን ይለቃሉ። በድሮው ቱቦ ውስጥ ያለው ክር ፍም እስኪመስል ካልጋለ ኤሌክትሮን አይሰጥም። መርፌዎቹ ግን እሳት አይሹም። ከፊታቸው የሚስብ ኃይል ሲቆም በቀዝቃዛው ጫፋቸው ይለቃሉ። ጣጣው መርፌ ሁሉ እኩል አለመሆኑ ነው። አንዱ በጥቂቱ ይረዝማል፣ አንዱ በጥቂቱ ይሾላል። ያ የረዘመው የሁሉንም ድርሻ ለብቻው ይጎትታል። ይግላል። ይፈነዳል። ሲፈነዳም ጎረቤቶቹን ይዞ ይሄዳል።

ዶክተሩ፣ የፋብሪካው ሊቅ፣ ዕድሜውን የፈጀው እዚህ ላይ ነው። መርፌዎቹን ሲያራርቃቸው የሚሰጡት ሳሳ። ሲያቀራርባቸው አንዱ አንዱን ጋረደ። ደክሞ ደክሞ ልካቸውን አገኘ። ከየመርፌውም ሥር ኮረንቲ እንደ ልቡ የማያሳልፍ ስስ ንጣፍ አነጠፈ። ልጓም ይለዋል። የሚሮጠውን ልጓሙ ይይዘዋል፣ የዘገየው ይደርስበታል፣ ሁሉም እኩል ይሰጣል።

«ብልሃቱ ማንም ስለ ማንም እንዳይቃጠል ነው» ይል ነበር፣ ፓምፑ አጠገብ ቆሞ። የሚነግረው ለራሱ ነው። የምትሰማው ግን እሷ ነበረች።

ዶክተሩ የሚያልመው በአንድ እጅ የሚንጠለጠል የራጅ ማንሻ ነው፣ መብራት ለማይረጋባቸው ክሊኒኮች። የማሾ መሥሪያ ቤት የሚያልመው ሌላ ነው፤ በሰማይ የሚሄድ ነገር ዓይኑ የሚጠፋበት ቱቦ። ሰሌዳዋ ለሁለቱም ትሆናለች። ማሾ አልጠየቀችም። ጠያቂ ሰው ለዚህ ሥራ አይቀጠርም።

ሰሌዳዋን ፔርሙሱ ውስጥ ያስገባት ሳንባ ነው።

መስታወት ነፊው። ደረቱ ጠባብ፣ ትንፋሹ ግን ማለቂያ የለው፤ ስሙንም ያገኘው በዚህ ነው። የፔርሙሱን ብርጭቆ ታች ጫፉ ላይ በነበልባል ከፈተ። ሰሌዳዋን በጓንት ይዞ አስገባት። ስትነቃነቅ ድምፅ እንዳታሰማ በቀለጠ የብርጭቆ ጠብታ ለጠፋት። ማሾ አፉን ከፓምፗ ጋር አገናኝታ አየሩን መጠጠችው። እሱ በነበልባሉ ዘጋው።

«ያንቺ ፓምፕና የኔ ትንፋሽ የወለዱት ልጅ ነው» አላት።

ሳቀች። ሳቋ የእውነት ነበር። ያ ነው ክፋቱ።

«ይህ ልጅህ አየር ቢገባበት በምን አውቃለሁ?»

«ሻይ ቅጂበት። ትኩስ ሆኖ ከዋለ ልጃችን ደህና ነው። ከቀዘቀዘ ቁጭ ብለሽ አልቅሺ።»

ሳንባ ብር አልፈለገም። የፈለገው መውጣት ነው። የዚያ ፋብሪካ ሰው ብዙ ያውቃል ተብሎ ከአገር አይወጣም። መንትያ እህቱ ባሕር ማዶ አግብታ ወልዳለች። ልጆቿን የሚያውቃቸው በፎቶ ነው። ፎቶውን ከነበልባሉ ራቅ አድርጎ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል። «ትንሿ አፍንጫዬን ወሰደች፣ ምስኪን» ይላል ለገባ ለወጣው ሁሉ።

ነገ ጠዋት ዶክተሩ ሳጥኑን ሲከፍት አንዷ ሰሌዳ ትጎድላለች። ቁልፉ ያለው በእሱና በሳንባ እጅ ብቻ ነው። እንግዲህ ሳንባ ዛሬ ካልወጣ ነገ ሳንባ የለም።

የማሾ አለቃ ቃል ሰጥቷታል። አጎት ይባላል፤ የማንም አጎት አይደለም። «ፔርሙሱ ሲገባ ሰውየው ይወጣል» ነበር ያላት። ሳንባም ቀድሟት ሆስፒታል ሄዶ ፓስፖርቱን እየጠበቀ ነው።

አውቶቡሱ ቆመ።

ፔርሙስ ለመለዋወጥ ከሆስፒታል የጥየቃ ሰዓት የተሻለ አይገኝም። ግማሹ ሰው ፔርሙስ ይዟል፤ ግማሹ የያዘውን ይጠጣለታል። አዳራሹ በሰው ትንፋሽና በመድኃኒት ሽታ ታምቋል። ማሾ መሃል ካሉት አግዳሚዎች በአንዱ ጥግ ተቀመጠች። አጠገቧ ቀኝ እጁን እስከ ክርኑ በፋሻ የተጠቀለለ ሰው አለ። እግሩ ሥር አረንጓዴ ፔርሙስ፣ ወገቡ ላይ ነጭ ቀለበት።

የምስጢር ስሙም ፋሻ ነው። አጎት ስም ሲያወጣ ብዙ አይጨነቅም።

«ታማሚዎ ተሻለው?» አላት ፋሻ።

«ይበላል። እንቅልፍ ነው እምቢ ያለው።»

«እንቅልፍስ ይመጣል።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። ፔርሙሷን ከእሱ ፔርሙስ ጎን አኖረች። ነርሷ ስም ጠራች። ሰዉ ተንጋጋ። ማሾ ስትነሳ ያነሳችው የእሱን ነው።

መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ቀረቀረች። የፔርሙሱን ቂጥ አዙራ ፈታችው። ጥጥ። ከጥጡ ሥር ፓስፖርት። ገለጠችው።

ፎቶው የእሷ ነው።

ጥጡን ሁሉ መዘዘችው። ጣቷን አስገብታ ዳር ዳሩን ዳሰሰች። ፔርሙሱን ገልብጣ መዳፏ ላይ መታችው።

ሌላ የለም።

የሳንባ የለም።

ትንሽ ቆመች። የቧንቧው ውሃ ይንጠባጠባል። ፊቷን ታጠበች፣ ፓስፖርቱን ደረቷ ውስጥ ከተተችና ፋሻ ወደሄደበት ኮሪደር ሄደች።

አጎትን ያገኘችው ዓይን ክፍል በር ላይ ነው። አንድ ዓይኑን በጥጥ ሸፍኖ፣ ከወረፋው ተገንጥሎ የማዕዘን አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ፋሻ አጠገቡ። ፔርሙሱ ፋሻ ጉልበት ላይ።

«ጎደለ» አለች፣ እየተቀመጠች።

«አልጎደለም።»

«የሳንባ የታለ?»

«ድምፅሽን።» አጎት የተገለጠ ዓይኑን ግድግዳው ላይ አኖረ። «ነገ ዕቃው ሲታጣ ሌባ ይፈልጋሉ። ካላገኙ ፋብሪካውን ይገለብጡታል። ካገኙ ይተኛሉ።»

«እሱ ነው ሌባው?»

«አልሰረቀም እንዴ?»

«ቃል ሰጥተውኛል።»

«ቃል ባልሰጥሽ ፔርሙሱ እዚህ ይደርስ ነበር?» ትከሻውን ነቀነቀ። «የሆስፒታሉ ዋና በር ላይ መኪና ቆሟል። ኮቴ ውስጡ ነው። ሰውየው ሲወጣ ይይዘዋል። ሌባ የያዘ ደግሞ ይሾማል። ከዚህ በኋላ የግቢው ጥበቃ በሙሉ በእጃችን ነው።»

«ኮቴ?»

«ሻይሽን ወዶታል።»

ማሾ ፋሻ ጉልበት ላይ ያለውን ፔርሙስ አየች።

በሩን ያለፈችው በብልሃቷ አልነበረም። አሳለፏት። ያ ሁሉ ሳቅና ቀልድ፣ ያ ሁሉ የተዋጠ ትንፋሽ፣ ለሚያሳልፋት ሰው ነው የባከነው።

«ያንቺንም ስም ኮቴ ከመዝገቡ ያወጣዋል» አለ አጎት። «እዚያ ግቢ ያልነበርሽ ትሆኛለሽ። ሂጂ፣ ባቡሩ አያምልጥሽ።»

ተነስታ ልትሄድ ትችል ነበር። ትእዛዙ ነው። ስንት ጊዜ እንዲህ ተብላ ሄዳለች።

አልተነሳችም።

«ባቡሩ ይቆይ» አለች። «ከስረናል፣ አጎት። ሰሌዳዋ ሞታለች።»

የተገለጠው ዓይን ዞረ።

«ምን?»

«የእርስዎ ሰው ሲነቀንቀው ብርጭቆው ተሰነጠቀ። ጆሮዬ ሰማው። ፓምፕ ላይ ስንት ዓመት ቆሜ ይህን ብስት ያሳፍራል። አየር ገብቶበታል። መርፌዎቹ አየር ከነካቸው አለቀላቸው።»

ልብ በሉ፣ አየር ነካ ማለት ወዲያው አለቀ ማለት አይደለም። ግን ይህን አጎት ከየት ያውቃል?

«መለዋወጫዋ ሳንባ ጋ ናት» ቀጠለች። «የት እንደደበቃት ለኔም አልነገረኝም። ለኮቴ ከሰጣችሁት ሰሌዳዋንም አብራችሁ ሰጣችሁ። ኮቴ ለመሾም ሲል ይመልሳታል። እርስዎ ደግሞ ለበላይዎ የሻይ ዕቃ ያስረክባሉ።»

አጎት ፔርሙሱን አየ።

ክዳኑን እንዳይከፍት።

ከከፈተው አለቀ።

አልከፈተውም። ዕድሜውን ሙሉ ፋይል ያገላበጠ ሰው ነው። ለእሱ ሻዩ መደበቂያ ነው፤ ሻይ ምስክር ይሆናል ብሎ የሚያስብ ሰው አይደለም።

«የት ነው ያለው?»

«ራጅ ክፍል። ፈቃድ ጠይቆ ወጥቶ ወረፋ ይዟል።»

«ታሟል?»

«ሳንባውን ሊታይ ነው።»

ፋሻ ፈንቅሎት ሳቀ። አጎት ሲያየው ተወው።

«ጥራው» አለው። «ሰሌዳዋን ካመጣ ይወጣል። ለኮቴ ሌላ ሌባ እንፈልግለታለን።»

ማሾ ብድግ አለች። «እኔ ልጥራው፣ እኔን ነው የሚያምነው።»

«አንቺ ቁጭ በይ።»

ተቀመጠች። ፋሻ ፔርሙሱን አግዳሚው ላይ ትቶ ሄደ። ማሾ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ጠበቀች። በልቧ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዝም በል። ምንም ቢሉህ ዝም ብለህ እኔን እይ።

ሳንባ መጣ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፣ የመጀመሪያው ቁልፍ ድረስ ቆልፎታል። በአንድ እጁ ትንሽ ሻንጣ፣ በሌላው በጥጥ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቷል።

«ወረፋዬን አስጣላችሁኝ እኮ» አለ። «ሁለት ሰው ነበር የቀረኝ። በገዛ ዓይኔ ሳንባዬን ላየው ስል።» ሻንጣውንና ጥቅሉን አኑሮ አጎትን በሁለት እጁ ጨበጠው። «እርስዎ ነዎት አይደል? ውለታዎን በምን እከፍላለሁ።»

«ሳንባ፣ ፔርሙሱ እኮ—»

«አንቺ ዝም በይ» አላት አጎት። ድምፁ ለስላሳ ነበር። «ልጄ፣ የሠራኸው ዕቃ አየር ገብቶበታል ትላለች። ሁለተኛዋን እንድትሰጠን ነው።»

የሳንባ ፊት ተለወጠ። የፈራ ሰው ፊት አይደለም። የተሰደበ ሰው ፊት ነው።

«አየር?»

ማሾ እግሩን ረገጠችው።

«ይቅርታ፣ እትዬ» ብሎ እግሩን ሰበሰበላት። ቦታ የያዘባት መስሎታል። «እኔ የዘጋሁት አየር ይገባበታል? ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«ሳንባ።»

«ቆይ እንጂ። ስንት ቱቦ ዘግቼ አንድ ተመልሶብኝ አያውቅም። ዶክተሩን ጠይቂ።» ፔርሙሱን አነሳ። ክዳኑን ፈታ፣ ቡሹን ነቀለ፣ በክዳኑ ቀዳ።

እንፋሎቱ ወጣ።

«ይኸው» አለ። «ጠዋት የተቀዳ ሻይ ነው። አየር ቢገባበት ይህን ጊዜ የወንዝ ውሃ ነበር። እጅዎን ያስጠጉበት፣ ይዩት።»

አጎት እጁን አላስጠጋም። ጽዋውንም አላየም። የሚያየው ማሾን ነው።

ሳንባ ሙገሳ የሚጠብቅ ሰው ሆኖ ከአንዱ ወደ ሌላው ተመለከተ። ሙገሳው አልመጣም። እንፋሎቱ በመሃላቸው ይወጣል።

«ሁለተኛዋ?» አለ ቀስ ብሎ። «ሁለተኛዋ የቷ ናት?»

ማሾ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

መስታወት ነፊ ነው። ብርጭቆ ሊሰነጠቅ ሲል እንዴት ዝም እንደሚል ያውቃል። ፋሻን አየ፣ አጎትን አየ፣ የእሷን የተደፋ አንገት አየ። ከዚያ ጽዋውን አፉ ጋ አደረሰና እፍ አለበት። ያ ማለቂያ የሌለው ትንፋሽ አጥሮ ወጣ። ጠጣ።

«ይሞቃል» አለ።

ለማንም አልነበረም።

«ልጄ፣ ጉዳይህ አልቋል» አለ አጎት። «በዋናው በር ውጣ። መኪና ይጠብቅሃል።»

«እሷስ?»

«እሷ ትወጣለች።»

«ወረቀቷን ይዛለች?»

«ይዛለች።»

«በኋላ በር—» አለች ማሾ። አልጨረሰችውም። ፋሻ በተጠቀለለው እጁ አንጓዋን ያዛት። ከፋሻው ሥር እጅ ብቻ አልነበረም። ቀዝቃዛ ብረት ነበር።

«በኋላ በርም ሰው አለ» አለ አጎት። እንደ ደከመው ሰው ነው ያለው። ምናልባትም ደክሞታል።

ሳንባ ጽዋውን አግዳሚው ላይ አኖረ። የጥጥ ጥቅሉን አንስቶ ፈታ። ትንሽ የብርጭቆ ወፍ ናት፤ ጭራዋ ላይ ሲነፉባት የምታፏጭ።

«ለእህቴ ልጆች ነበር» አላት። «ሁለት ናቸው፣ ብርጭቆው አልበቃኝም፣ አንድ ብቻ ሠራሁ። ይጣሉባታል ብዬ ነበር ስጨነቅ የሰነበትኩት።» መልሶ ጠቀለላትና ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። «ያዢልኝ።»

«ሳንባዬ፣ ልነግርህ ፈልጌ—»

«አውቃለሁ፣ አሁን ገባኝ።» ሊስቅ ሞከረ። «በኔ ሥራ ትዋሺያለሽ? በሌላ ሰው ሥራ ብትዋሺ ኖሮ እኮ ወዲያው ነበር የሚገባኝ።»

ሻንጣውን አንስቶ ሄደ።

ከመስኮቱ ዋናው በር ይታያል። ጠያቂዎቹ ባዶ ዕቃቸውን ይዘው ይወጣሉ። ሳንባ በመሃላቸው ወጣ። ኮቴ ከመኪናው ወርዶ የኋላውን በር እንደ ሾፌር ከፈተለት። ሳንባ ቆም ብሎ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ። ወደ ኋላ ዞሮ አላየም። እሷን እንዳይጠቁምባት ነው፤ ይህን ማንም አላስተማረውም።

ፔርሙሱ ማሾ ክንድ አጠገብ ነው። ክፍት ነው፣ ይተናል። አንድ ጊዜ በክርኗ ብትገፋው ወለሉ ላይ ያልቃል። መርፌ የለ፣ ልጓም የለ።

ከሰበረችው ሳንባ በከንቱ ይቃጠላል። ካልሰበረችው በዋጋ ይቃጠላል።

አልሰበረችውም። የትኛው እንደሚሻል እስከ ዛሬ አልወሰነችም።

ቡሹን መለሰች፣ ክዳኑን አጠበቀች። ፋሻ ተቀብሏት ሄደ።

«ዶክተሩ ቢሰማዎት ያዝንልዎ ነበር» አለችው አጎትን።

«የቱ ዶክተር?» አለ አጎት። የተሸፈነ ዓይኑን እያከከ ነበር።

ባቡሩ አላመለጣትም።

በሌላ አገር፣ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ ማሾ ፎቅ ታጸዳለች። መሥሪያ ቤቷ ጥቂት እረፊ ብሏት ነው፤ ጥቂቱ ረዝሟል። አንድ ቀን ከመጥረጊያ ማስቀመጫው በር ሥር እንደ ዱሮው ቁራጭ ወረቀት ገባላት። «ሻዩ ደረሰ። ቀስ ብለን አስለመድናቸው። መርፌዎቹ ሁሉ እኩል ይሰጣሉ። የሻይ ወዳጅሽ ተሹሟል።» ይላል። ስለ ሳንባ አንድ ፊደል የለም። ወረቀቱን አርሳ በጣቶቿ ፈትጋ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው።

ወፏ መስኮቷ ላይ ናት። የእህቱን አድራሻ አልጠየቀችውም ነበር። በዚያ ሥራ አድራሻ አይጠየቅም፤ ያላወቁትን ማንም በዱላ አያወጣውም ተብሎ። አሁን በአውቶቡስ ስትሄድ የሴቶቹን ፊት ታያለች። መንትያ ናት ብሏታል። እንግዲህ ያ ፊት፣ ያ አፍንጫ፣ በአንዷ ሴት ትከሻ ላይ ሆኖ በሆነ መንገድ ይሄዳል ማለት ነው። ብታገኛት ምን እንደምትላት ግን አታውቅም። ወፏን አታፏጭባትም። የእሱ ትንፋሽ ያለባት ይመስላታል።

አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች ይወዷታል። ስለ ራሷ አታወራም፣ ሥራዋን አትለግምም፣ የታመመች ካለች ተክታ ትገባለች። አንዷ በእረፍት ሰዓት ከፔርሙስ ሻይ ትቀዳላቸዋለች። ሁሉም እፍ እፍ እያሉ ይጠጣሉ። እሷ ብቻ ብርጭቆዋን መስኮቱ ደፍ ላይ ታስቀምጣለች።

«እናቴ፣ ቀዘቀዘብሽ እኮ» ትላታለች ቀጂዋ።

«ይቀዝቅዝ።»

«እንዲህስ ከሆነ ከቧንቧው ለምን አትጠጪም? እኔንም ከመሸከም ታሳርፊኛለሽ።»

ሴቶቹ ይስቃሉ። እሷም ትስቃለች። ከዚያ መዳፏን ብርጭቆው ላይ አሳርፋ፣ ሙቀቱ እስኪያልቅ ትጠብቃለች።